የኤሌክትሮኒክ ዳንስ አልበም ሰምቶ አስተያየት ለመስጠት፤ በ«ዲስከቨሪ» የሚደረግ ልምምድ

በአገራችን የካሴትም ሆነ የሲዲ ሽፋን ገልብጦ ያየ ሰው ሦስት ቃላትን አይረሳም፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። ስለ አንድ አልበም ስንወያይም አብዛኞቻችን በዚሁ ቅደም ተከተል እንሄዳለን። በመጀመሪያ ግጥሙ ምን እንደሚል እንጠይቃለን፤ ቀጥሎ ዜማው ይዞን እንደሆነ እንነጋገራለን፤ በመጨረሻም ጊዜ ከተረፈን ማን እንዳቀናበረው እናነሳለን። ወደ ኤሌክትሮኒክ የዳንስ ሙዚቃ ስንመጣ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ግጥሙ ሦስት ቃል ብቻ፣ ዜማው ደግሞ አራት ኖታ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ሥራ ያለው በቅንብሩ ውስጥ ነው። «አንድ ነገር ብቻ ነው የሚደጋግመው» የሚለው የተለመደ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሰሚው በለመደው በር ገብቶ፣ የሚፈልገውን ዕቃ በለመደበት ቦታ ሳያገኘው ሲቀር ነው።

ይህ መመሪያ አንድን የኤሌክትሮኒክ ዳንስ አልበም ሰምቶ ለጓደኛም ይሁን ለብዙ አንባቢ የሚረባ አስተያየት መስጠት ለሚፈልግ፣ እንዲሁም ሌሎች ሰሚዎች የሰጡትን አስተያየት መመዘን ለሚሻ ሰው የተዘጋጀ ነው። ለመለማመጃ የመረጥኩት ዳፍት ፐንክ በሚል ስም የሚታወቁት ሁለት የፓሪስ ሙዚቀኞች፣ ቶማ ባንጋልተር እና ጊ-ማኑኤል ደ ኦመም-ክሪስቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡትን «ዲስከቨሪ» የተባለ ሁለተኛ አልበማቸውን ነው። አልበሙን እወደዋለሁ፤ የመረጥኩት ግን ስለምወደው ብቻ አይደለም። ሲወጣ ሰሚዎቹን ለሁለት የከፈለ፣ ከዓመታት በኋላም የተሰጠው ፍርድ የተገለበጠለት ሥራ በመሆኑ ነው። አስተያየት መስጠትን ለመማር ሁሉም ከተስማሙበት ሥራ ይልቅ ሰዎች የተከራከሩበት ሥራ የተሻለ አስተማሪ ነው።

ምን ላይ ሆነው እንደሚሰሙ ይወቁ

ለዳንስ የተሠራ ሙዚቃ መሠረቱ ከታች ነው። የከበሮው ጉልበትና የቤዙ ወፍራም ክፍል የሚገኙት ከ100 ኸርዝ በታች ሲሆን፣ የተለመደ የእጅ ስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ እምብዛም አያወጣም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን አልበም በስልክ ድምፅ ማጉያ የሰማ ሰው፣ ሳያውቀው የአልበሙን መሠረት ሳይሰማ ቀርቷል ማለት ነው። እኔ ራሴ ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። ሻይ እየጠጣሁ በስልኬ የሰማሁትን አንድ ሥራ «ከበሮው ቀጭን ነው» ብዬ በሰው ፊት ካጣጣልኩ በኋላ፣ በሳምንቱ በጓደኛዬ ቤት በትልቅ ስፒከር ስሰማው ወለሉ ሲንቀጠቀጥ አገኘሁትና የምገባበት ጠፋኝ። የታክሲው ስፒከር ደግሞ በተቃራኒው ያጠፋል፤ ቤዙ እስከ ጥግ ተከፍቶ ከላይ ያሉት ረቂቅ ድምፆች ሁሉ ይዋጣሉ።

ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ጆሮን በደንብ የሚገጥም መካከለኛ ኢርፎን ከስልክ ድምፅ ማጉያ እጅግ ይሻላል፤ ከተቻለም አንድ ጊዜ በኢርፎን፣ ሌላ ጊዜ በስፒከር መስማት ጥሩ ነው። የፋይሉን ጥራትም ልብ ይበሉ። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ብዙ ጊዜ የተጨመቀ ፋይል የጸናጽሉን ጥራት አጥቶ የሚያፏጭ ድምፅ ያወጣል፤ ሰሚውም ጥፋቱን በአቀናባሪው ላይ ያላክካል። በመጨረሻም የስልክዎን ወይም የማጫወቻዎን «ቤዝ መጨመሪያ» ያጥፉ፤ ካላጠፉት የሚተቹት የሙዚቀኞቹን ሳይሆን የራስዎን ቅንብር ይሆናል።

የድምፁን መጠን በተመለከተ ሁለት ነገር አስታውሳለሁ። ጆሮ ጎላ ያለውን ድምፅ «የተሻለ» ብሎ የመቀበል ዝንባሌ ስላለው፣ ሁለት አልበሞችን ሲያወዳድሩ መጀመሪያ መጠናቸውን ያስተካክሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ደግሞ በ80 ዴሲቤል መጠን በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ መጠኑ ወደ 90 ዴሲቤል ከፍ ካለ ደግሞ በሳምንት ከ4 ሰዓት እንዳይዘል ነው። አንድ አልበም ደጋግሞ ለመስማት የተነሳ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው ዙር፤ ሳያቋርጡ

«ዲስከቨሪ» 14 ሥራዎችን የያዘና ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ አልበም ነው። በመጀመሪያው ዙር ከአንድ እስከ አሥራ አራት በተሰለፉበት ቅደም ተከተል፣ ሳያቋርጡና ሳይጽፉ ይስሙት። ብዙ ማጫወቻዎች በራሳቸው ፈቃድ ቅደም ተከተሉን ያዘበራርቃሉና ያንን አገልግሎት ያጥፉ። ይህ ምክር ቀላል ቢመስልም የብዙ ሰሚ አስተያየት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በዳንስ አልበም ውስጥ አንዳንድ ሥራዎች ብቻቸውን እንዲሰሙ ሳይሆን በሁለት ሌሎች መካከል ድልድይ እንዲሆኑ የተቀመጡ ናቸው። ስድስተኛው «ናይትቪዥን» ከሁለት ደቂቃ ያነሰ ጸጥ ያለ ቁራጭ ነው። ለብቻው የሰማው ሰው «ያልተጠናቀቀ ሥራ» ቢለው አይፈረድበትም። ከእርሱ በፊት «ክሬሴንዶልስ» በጩኸትና በጭብጨባ ሲያስጨንቅ ከቆየ በኋላ የሰማው ሰው ግን ቁራጩ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

በዚህ ዙር የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሐሳብዎ የት ላይ ሸሸ? አልበሙ እንዳለቀ፣ ስልክዎን የነካኩበትን ወይም ስለ ሌላ ጉዳይ ማሰብ የጀመሩበትን ቦታ ያስታውሱና ይጻፉት። ያ ቦታ የግድ የአልበሙ ድክመት ነው ማለት አይደለም፤ በሁለተኛው ዙር ተመልሰው የሚመረምሩት ግን እርሱን ነው።

ሁለተኛው ዙር፤ መቁጠር

ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ።

ሃውስ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃ ዓይነት በአብዛኛው በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ምት ባለው ፍጥነት ይሠራል፤ የ«ዲስከቨሪ» መክፈቻ የሆነው «ዋን ሞር ታይም»ም በደቂቃ 123 ምት ገደማ ይሄዳል። ከበሮው በእያንዳንዱ ምት ላይ እኩል ይመታል፤ አራት ምት ደግሞ አንድ ቤት ይሠራል። በእግርዎ ወይም በጣትዎ እየመቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለው ይቁጠሩ፤ ስምንት ጊዜ አራት ሲሞላ ወደ 16 ሰከንድ ያህል አልፏል። አሁን ልብ ይበሉ። በዚያ ስምንተኛ ቤት መጨረሻ ላይ ወይም አካባቢው፣ አንድ ነገር ይገባል ወይም አንድ ነገር ይወጣል። ጸናጽል ሊጨመር፣ ጭብጨባ ሊገባ፣ ቤዙ ሊጠፋ ወይም ድምፁ ሊከፈት ይችላል። «ይደጋግማል» ያልነው ሙዚቃ በየ16 ሰከንዱ ወይም በየ32 ሰከንዱ መልኩን ሲለውጥ ይታያል። ይህን ቆጠራ አንድ ጊዜ የለመደ ጆሮ ከዚያ በኋላ ሳይቆጥርም ያውቀዋል።

ድግግሞሽ ለኢትዮጵያዊ ሰሚ እንግዳ ነገር አይደለም። የቅዱስ ያሬድን ዜማ በማኅሌት ቆሞ የሰማ ሰው አንዱ ቃል በዝማሜ በዝግታ ተጀምሮ፣ በመረግድ ከበሮ ገብቶለት፣ በጽፋት እየፈጠነ ሲሄድ አይቷል፤ ቃሉ ያው ሲሆን የሚለወጠው ምቱ፣ ፍጥነቱና የሰውነት እንቅስቃሴው ነው። ማኅሌትና የጭፈራ ቤት አንድ ናቸው ለማለት አይደለም፤ አንድን ሐረግ ሳይቀይሩ ጉልበቱን ደረጃ በደረጃ የማሳደግን ጥበብ ጆሯችን ቀድሞ ያውቀዋል ለማለት ነው። እስክስታም ቢሆን በአንድ ምት ላይ ደቂቃዎች ሲያልፉ ማንም «ደገመው» ብሎ አይቆምም።

ቀጥሎ የሚሰማው የድምፅ መከፈትና መዘጋት ነው። የፈረንሳይ ሃውስ በሚባለው ዘይቤ አቀናባሪው አንድን አጭር የሙዚቃ ቁራጭ እየደጋገመ በፊልተር ያፍነዋል፤ ድምፁ ከጎረቤት ግቢ፣ ከግድግዳ ማዶ የሚመጣ ይመስላል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይከፍተዋል፤ የሰርጉ ድንኳን መጋረጃ ሲገለጥ ሙዚቃው ድንገት እንደሚጎላው ማለት ነው። «ዋን ሞር ታይም» ሲጀምር የታፈነው የመለከት መሰል ድምፅ ወዴት እንደሚሄድ ይከታተሉ። በዚሁ ዘፈን መካከል ደግሞ ከበሮው ጨርሶ ይጠፋና ድምፃዊው ለረጅም ጊዜ ያለ ምት ይቆያል። ለጭፈራ በተሠራ ዘፈን ውስጥ ምቱን ያን ያህል ጊዜ መከልከል ድፍረት ነው። ለአንዱ ሰሚ ይህ ክፍል የሚያሰለች ነው፤ ለሌላው ደግሞ የዘፈኑ ትርጉም የሚገኝበት ነው። አስተያየት ሰጪው ከሁለቱ ወገን የቱም ቢሆን፣ ቢያንስ ከበሮው እንደጠፋና ሲመለስ ምን እንደተሰማው መናገር ይገባዋል።

ሦስተኛው ነገር የሰው ድምፅ ነው። በዚህ ዘፈን የሚሰማው የኒው ጀርሲው ድምፃዊ ሮማንቶኒ ነው፤ ድምፁ በኦቶቱን፣ ማለትም የዘፋኝን ድምፅ በሚያስተካክል ሶፍትዌር፣ ተሠርቶ የማሽን ጠባይ እንዲይዝ ተደርጓል። በጊዜው ብዙ ሰሚዎችን ያስቆጣውም ይህ ነበር። ዛሬ ግን ኦቶቱን ያልነካው ዘፈን መፈለግ ነው የሚያስቸግረው፤ የዛሬው ወጣት ሰሚ የያኔውን ቁጣ ሊረዳው አይችልም። አራተኛውን ሥራ «ሃርደር፣ ቤተር፣ ፋስተር፣ ስትሮንገር»ን ሲሰሙ ደግሞ ቃላቱ መጀመሪያ አንድ በአንድ እንደ ጥይት ሲወጡ፣ ቀጥሎ ተገጣጥመው ዓረፍተ ነገር ሲሆኑ፣ በኋላም ድምፁ ተቆራርጦና ተጣሞ ራሱ የሙዚቃ መሣሪያ ሲሆን ይከታተሉ። አዝማሪ መሲንቆውን እንደ ሰው ያናግረዋል፤ እዚህ ደግሞ ሰው እንደ መሣሪያ ይገረፋል። «ግጥሙ ባዶ ነው» የሚል ሰሚ ቃላቱን ለትርጉማቸው ሲፈልግ፣ አቀናባሪዎቹ ግን ለምታቸው እንደተጠቀሙባቸው አላስተዋለም።

አንድ ተጨማሪ መልመጃ ልስጥ። «ኤሮዳይናሚክ» የተባለውን ሁለተኛውን ሥራ ይውሰዱና በወረቀት ላይ በአራት መስመር ብቻ ምን በምን ተከትሎ እንደመጣ ይጻፉ። የደወል ድምፅ ይጀምራል፤ ፈንክ መሰል ምት ይቀጥላል፤ ሁሉም ጸጥ ሲል ከሄቪ ሜታል ዓለም የመጣ የሚመስል የጊታር ሶሎ ብቻውን ይወጣል፤ ከዚያ ሁለቱ ይጋባሉ። እነዚህን አራት መስመሮች ጽፎ የጨረሰ ሰው ስለዚህ ሥራ «አሪፍ ነው» ከሚለው ቃል የተሻለ የሚለው ነገር አለው።

ሳምፕሉን ከየት እንዳመጡት መጠየቅ

ሳምፕል ማለት ቀደም ካለ ቅጂ ተቆርጦ በአዲስ ሥራ ውስጥ የገባ ድምፅ ነው። ብዙ ሰሚዎች ይህን ሲሰሙ ወዲያው «ስርቆት ነው» ወደሚል ፍርድ ይሄዳሉ። ከመፍረድ በፊት ግን ሁለቱን ማስተያየት ያስፈልጋል። «ዲጂታል ላቭ» የተሠራው ጆርጅ ዱክ እ.ኤ.አ. በ1979 ካወጣው ሥራ በተወሰደ ሳምፕል ላይ ነው፤ «ሃርደር፣ ቤተር፣ ፋስተር፣ ስትሮንገር»ም በዚያው ዓመት ከወጣው የኤድዊን በርድሶንግ ሥራ ሳምፕል ወስዷል። ሁለቱንም ምንጮች ፈልገው ይስሙ። ያን ጊዜ የሚጠየቀው «ወስደዋል ወይስ አልወሰዱም» የሚለው ሳይሆን «የወሰዱትን ምን አደረጉት» የሚለው ይሆናል። በእኔ ግምት የመጀመሪያው ሥራ ለምንጩ ብዙ ባለዕዳ ነው፤ መክፈቻው ላይ የሚይዘን ውበት ከጆርጅ ዱክ የመጣ ነውና። ሁለተኛው ግን የተዋሰውን ወስዶ ሌላ ቤት ሠርቶበታል። ካኒዬ ዌስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ከዚሁ ከሁለተኛው ቆርጦ የራሱን ዘፈን ሠራ፤ ሰንሰለቱ ቀጥሏል።

ምንጩን ማወቅ የአልበሙን መንፈስም ያስረዳል። ሁለቱ ሙዚቀኞች አልበሙን ከልጅነት ትዝታቸው ጋር አያይዘው ሲናገሩ ቆይተዋል፤ የባንጋልተር አባት ዳንኤል ቫንጋርድም የዲስኮ ዘመን ደራሲና ፕሮዲውሰር ነበር። ስለዚህ በአልበሙ ውስጥ የሰባዎቹ መጨረሻ ዲስኮና የጊታር ሶሎ መብዛቱ የሐሳብ እጥረት ሳይሆን ዓላማ ነው። ዓላማው ግቡን መምታቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱን ሰሚው ይፍረድ።

ሦስተኛው ዙር፤ ቆመው

ለጭፈራ የተሠራን ነገር ተቀምጦ ብቻ ሰምቶ መፍረድ ወጥን በማሽተት ብቻ እንደመመዘን ነው። ከተቻለ ሰው ባለበት፣ ካልተቻለም በክፍልዎ ውስጥ ቆመው፣ ወይም መንገድ እየሄዱ ይስሙት። ፈጣን ርምጃ ከሃውስ ፍጥነት ጋር በደንብ ይገጥማል። የጻፉትን ማስታወሻ ከዚህ በኋላ እንደገና ያንብቡት። ብዙ ጊዜ የሚሆነው «ረዘመ» ብለው የጻፉት ክፍል ሲንቀሳቀሱ ልክ ሆኖ መገኘቱ፣ ተቀምጠው ሲሰሙት ብልሃተኛ የመሰለዎት ክፍል ደግሞ እግር የሚያስር ሆኖ መገኘቱ ነው።

ቦታ ፍርድን እንደሚለውጥ ከራሳቸው ከዳፍት ፐንክ ታሪክ የበለጠ ማሳያ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ሦስተኛው አልበማቸው «ሂዩማን አፍተር ኦል» በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተሠራ ሲሆን፣ ብዙ ሰሚዎች ደረቅና ድግግሞሽ የበዛበት ነው ብለው በቀዝቃዛው ተቀበሉት። በቀጣዩ ዓመት በካሊፎርኒያው ኮቼላ ፌስቲቫል ላይ በመብራት በተሠራ ፒራሚድ ውስጥ ሆነው እነዚያኑ ሥራዎች ከቀድሞዎቹ ጋር እያዋሃዱ ሲያቀርቡ ግን ያ ደረቅ የተባለው ነገር ሕዝቡን አስነሳ። ከዚያ ጉዞ የተቀዳው «አላይቭ 2007» የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። ሥራዎቹ ያው ነበሩ፤ የተለወጡት መድረኩ፣ አብረዋቸው የተዋሃዱት ሥራዎችና የድምፁ መጠን ናቸው።

የሌሎችን አስተያየት መመዘን

የሌላ ሰው አስተያየት የሚነበበው የራስን ማስታወሻ ከጻፉ በኋላ ነው። ቀድሞ የተነበበ ፍርድ ጆሮን ይመራል፤ ሰሚው ሙዚቃውን ሳይሆን የሰማውን ወሬ ማረጋገጫ ሲፈልግ ይውላል።

ስለ «ዲስከቨሪ» የተሰጡትን አስተያየቶች ስንመለከት፣ ሲወጣ የተቃወሙት አብዛኞቹ ሰዎች የሚለኩት ከመጀመሪያው አልበም ጋር እያወዳደሩ እንደነበር እናያለን። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው «ሆምወርክ» ሸካራ፣ ጥሬና ለጭፈራ ቤት ቅርብ የሆነ ሥራ ነበር፤ ከእርሱ አንዱ ዘፈን ሦስት ቃላትን ብቻ ከመቶ ጊዜ በላይ ይደጋግማል። ያንን የወደደ ሰው አዲሱን አልበም ለስላሳ፣ ጣፋጭና ለሬዲዮ የቀረበ ሆኖ ሲያገኘው ተከዳሁ አለ። ከ«ዋን ሞር ታይም» የጀመረው ሰሚ ግን ያን ቅሬታ አያውቀውም። ስለዚህ «የድሮው ይሻላል» የሚል አስተያየት ሲያነቡ የመጀመሪያ ጥያቄዎ ጸሐፊው ከየት እንደተነሳ ይሁን። የሚተቸው አልበሙን ነው ወይስ ሳይሠራ የቀረውን፣ እርሱ የጠበቀውን ሌላ አልበም?

የባለሙያ ነጥብም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ፒችፎርክ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2001 ለ«ዲስከቨሪ» ከ10 6.4 ሰጠው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ የቀድሞ ነጥቦቹን እንደገና ሲመረምር ይህንኑ አልበም ወደ 10 ከፍ አደረገው። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ የግራሚ የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ያገኘውን የ2013ቱን «ራንደም አክሰስ ሜሞሪስ» ከ8.8 ወደ 6.8 ዝቅ አድርጎታል። የአንድ ቡድን ሁለት ሥራዎች በአንድ ቀን አንዱ ወጣ፣ ሌላው ወረደ። አንዳንዶች ይህን አይተው ነጥብ ሁሉ ከንቱ ነው ይላሉ። እኔ ግን ስህተቱን በግልጽ ያረመ ሚዛን፣ ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ ሚዛን ይልቅ ይታመናል ባይ ነኝ። ለእርስዎ የሚሆነው ትምህርት ግን ቁጥሩ ሳይሆን ከቁጥሩ በፊት ያለው ምክንያት ነው። ነጥብ መስጠት ካስፈለገዎት በተመሳሳይ ዘይቤ ከተሠሩ ሁለት ወይም ሦስት አልበሞች አጠገብ አስቀምጠው ይስጡ፤ የ7 ነጥብ ትርጉም የሚታወቀው 5 የሰጡትንና 9 የሰጡትን ሲያሳዩ ብቻ ነው።

ከአስተያየቶች መካከል እኔ ትልቅ ዋጋ የምሰጠው ወደዱትም ጠሉትም አንድን ቦታ ነጥሎ ለሚያሳይ ነው። «ሁለተኛው አጋማሽ ይቀዘቅዛል» የሚል ሰሚ ተመልሼ እንድሰማ ያደርገኛል፤ ተመልሼ ሰምቼም ከፊሉን ተቀብዬዋለሁ። ከ«ሰምቲንግ አባውት አስ» እስከ «ቬሪዲስ ኩ» ድረስ ያለው ክፍል በእርግጥም ዝግ ይላል፤ እኔ ግን ያን መዝገም ከመጀመሪያዎቹ አምስት ሥራዎች በኋላ የሚገባ ዕረፍት አድርጌ ነው የምወስደው። «ሾርት ሰርኪት» ላይ ግን መከላከያ የለኝም።

አስተያየቱን መጻፍ

ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ በምን ላይ፣ የትና ስንት ጊዜ እንደሰሙት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ። ምስክር የቆመበትን ቦታ ሳይናገር ቃሉ እንደማይጸና ሁሉ፣ ሰሚም በኢርፎን ይሁን በትልቅ ስፒከር እንደሰማ ካልተናገረ አንባቢው ፍርዱን በምን ሊለካው እንደሚችል አያውቅም።

ቀጥሎ «አሪፍ ነው»፣ «ይደብራል»፣ «ቀላል ነው እንዴ!» የሚሉትን ቃላት በረቂቁ ላይ ይጻፏቸው፤ ማፈን አያስፈልግም። ከዚያ እያንዳንዳቸው አጠገብ «የት ላይ?» ብለው ይጠይቁ። ለምሳሌ «መጀመሪያው ያሰለቻል» የሚለው ረቂቅ ሲስተካከል እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ «በመክፈቻው ዘፈን መካከል ከበሮው ጠፍቶ የሚቆይበት ጊዜ በኢርፎን ብቻዬን ስሰማው ረዝሞብኛል፤ በአንድ ልደት ላይ ሲጫወት ግን ሰዉ ሁሉ እጁን አንሥቶ ምቱ እስኪመለስ ሲጠብቅ አይቻለሁ።» ሁለተኛው አባባል ከመጀመሪያው ጋር አይጣላም፤ ግን አንባቢው በራሱ ጆሮ ሊያረጋግጠው የሚችለው ሁለተኛውን ነው።

የዘይቤ ስሞችን በብዛት ከመደርደር ይጠንቀቁ። ሃውስ፣ ቴክኖ፣ ትራንስ እያሉ መመደብ ለሚያውቀው ትርፍ፣ ለማያውቀው ጭጋግ ነው። ስሙን አንድ ጊዜ ከጠቀሱ በኋላ የሚሰማውን በሚታወቅ ቃል ይግለጹ፤ ምት፣ ጭብጨባ፣ ጸናጽል፣ መታፈን፣ መከፈት፣ መቆራረጥ የሚሉት ቃላት ሩቅ ይወስዳሉ።

ይህንኑ አካሄድ በአገራችን ሥራዎች ላይ ሲሞክሩት አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል። ሮፍናን ኑሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው «ነጸብራቅ» የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃን ከኢትዮጵያ ባህላዊ ድምፆችና ከአማርኛ ግጥም ጋር ያጋባ አልበም በመሆኑ፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር የሚለው የቀድሞ ሚዛናችን እንደገና ሙሉ በሙሉ ያስፈልጋል። በዙሪያዬ የሰማሁት ክርክር ግን አብዛኛው በግጥሙ ላይ የሚያልቅ ነበር። ባህላዊው ድምፅ በምቱ ላይ እንደ ጌጥ ተለጥፏል ወይስ ምቱ ራሱ ከእርሱ ተወልዷል ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም፤ ለእኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። ሚካኤል ሰይፉ እና «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው ሙዚቀኛ እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ያሉትን ዘይቤ ሲሰሙ ደግሞ የጭፈራውን ሚዛን በመጠኑ ያላሉት። የሚካኤል የ2016ቱ «ዘላለም» እግርን ከማንቀሳቀስ ይልቅ ጆሮን ማስቀመጥ የሚፈልግ ሥራ ነውና፣ «አያስጨፍርም» የሚል ትችት አይነካውም።

ጽሑፉ ሲያልቅ ቀኑን ከሥሩ ይጻፉ፤ ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላም አልበሙን እንደገና ሰምተው፣ የቀድሞውን ሳይሰርዙ አዲሱን ከታች ይጨምሩ። የእኔ የ«ዲስከቨሪ» ማስታወሻ አሁን ሦስት ቀኖች አሉት። በመጀመሪያው «ቬሪዲስ ኩ»ን አላነሳሁትም፤ በሁለተኛው ከምወዳቸው ሦስት አንዱ ሆኗል። አሥር ደቂቃ የሚፈጀውን መዝጊያ በተመለከተ ግን በሦስቱም ቀኖች የጻፍኩት አንድ ነው፤ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው «ቱ ሎንግ»፣ ማለትም «በጣም ረጅም»፣ ብለው ሰይመውታል፣ እኔም የምጨምረው የለኝም።